ለጸሎት የላክሁት ስም

ወሬው የደረሰኝ ሸዋ ሮቢት ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ጋሼ እንድሪስ ገበያ የሚወጡ ሰው አልነበሩም። መንገዳቸው አብረን ከምንሠራበት የሕግ ምክር ቢሮ በረንዳ እስከ መስጊዱ፣ ከመስጊዱ እስከ ቤታቸው ነበር። በዚያ የነሐሴ ወበቅ፣ ጃንጥላ እንኳ ሳይዙ፣ በሽንኩርቱ ክምር መሃል ጭቃውን እየዘለሉ ሲመጡ ሳይ ሰው የሞተብኝ መሰለኝ። አጠገቤ ደርሰው ቁጢጥ አሉና እሳቸውም አንድ ሽንኩርት አንስተው ማገላበጥ ጀመሩ።

«ይሄ ውስጡ ውኃ ነው» አሏት ሻጯን።

«ካልገዙ ይተዉት አባባ፤ ገበያዬን አይዝጉብኝ» አለቻቸው።

ወደ ሌላ ገዢ እስክትዞር ጠበቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ከሽንኩርቱ ሳያነሡ፣ «ያቺ ልጅ ለቀጠሮው አልመጣችም» አሉኝ። «ቤቷም የለችም። ልጇን አዝላ ከወጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው።»

«ወዴት ሄደች?»

«የሚያውቅ የለም። አማቷ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ።»

«ታዲያ በዚህ ፀሐይ ከሚመጡ አይደውሉልኝም ነበር ጋሼ?»

ቀና ብለው አዩኝ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ እንደማይናገሩ ስንት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ አውቃለሁ፤ ድንጋጤ ነው ያናገረኝ። ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተነሣሁ። ማን ነገረባት፣ ማን አስፈራራት እያልኩ፣ የማውቀውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ በልቤ እየጠረጠርኩ ቤቴ ገባሁ። ራሴን አልጠረጠርኩም።

ይህን የምጽፈው ከጂንካ ነው። ጡረታ ስወጣ ልጄ፣ እዚህ ነርስ ናት፣ «ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ» ብላ ወሰደችኝ። ከሸዋ ሮቢት ሦስት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው። ሰዉ ደግ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው፤ ቅዳሴውም ያው የማውቀው ቅዳሴ ነው። የልጅ ልጄ አንዳንዴ፣ «እማማ፣ ሥራሽ ምን ነበር?» ትለኛለች።

«የሰው ስም መደበቅ።»

«ስሙ የሚደበቅ ሰው ምን አጥፍቶ ነው?»

«ምንም ያላጠፋ ነው የሚበዛው» እላታለሁ። አታምነኝም።

ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር። የዚያችን ልጅ ስም እዚህ አልጽፍም፤ የቤት ስሟንም የክርስትና ስሟንም። ዘርፌ እላታለሁ፤ ዘርፌ የምትባል ባለጉዳይ ኖራን አታውቅም። የመንደሯን ስም ትቼዋለሁ፤ ሌላም የለዋወጥኩት ነገር አለ። ጋሼ እንድሪስን ግን ደውዬ ጠይቄያቸዋለሁ። «የኔን ጻፊው» አሉኝ። «ከዚህ በኋላ ማን ይፈልገኛል ብለሽ ነው?»

ሥራ የጀመርኩት ደጋው ላይ፣ ከጣርማ በር ብዙም በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ገና ልጅ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ካርድ መለየት ያቅተኝ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ ካርዱን ታወጫለሽ፣ በመስኮቱ ስም ትጠሪያለሽ፣ የሚሄድበትን ክፍል ትነግሪዋለሽ። አለቃችን ድምፅ የሚወዱ ሰው ነበሩ። «ጮክ በይ እንጂ፤ ሰው ተራው እንዳያልፈው» ይሉኛል። እኔም ጮክ ብዬ እጠራለሁ። «እገሊት፣ ሳንባ ክፍል።» «እገሌ፣ አባላዘር።» ወረፋው ሁሉ ዞሮ ያያል።

አንድ ቀን አንዲት የታጨች ልጅ በዚያ መስኮት ጠራሁ። ከወር በኋላ እናቷ ብቻቸውን መጥተው፣ መስኮቱ ላይ ቆመው፣ «እጮኛዋ ተዋት» አሉኝ። ሊወቅሱኝ አልነበረም የመጡት፤ የልጃቸውን መድኃኒት ሊወስዱ ነው። ለወሬ ያህል ነው የነገሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በመስኮት መጣራት ትቼ፣ ካርዱን ይዤ እየወጣሁ ሰዉን ትከሻውን ነካ አድርጌ በጆሮው እነግረው ጀመር።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ወንበርሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» አሉኝ አለቃዬ።

«እግሬን ይበርደኛል፤ እንዲሞቀኝ ነው።»

«እንግዲያው ወደ ቆላ ትላኪያለሽ፤ ይሞቅሻል» አሉ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ካራቆሬ፣ ኋላም ሸዋ ሮቢት ተዛወርኩና ወዲያው እዚያው አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አረጀሁ።

ጋሼ እንድሪስን ያገኘኋቸው ለደም ግፊት ክትትል ሲመላለሱ ነው። የይፋት ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የችሎት ጸሐፊ ሆነው ነው የፈጁት። ካርዳቸውን ይዤ ወጥቼ ከሰው ሁሉ መሃል ትከሻቸውን ነካ አደረግኋቸው።

«ስሜን ሳትጠሪ እንዴት አወቅሽኝ?»

«ካርዱ ላይ ያለው ዕድሜ ከእርስዎ ሌላ ለማንም አይሆንም።»

ሳቁ። ለአራት ቀጠሮ ያህል ዝም ብለው ተመለከቱኝ። በአምስተኛው፣ ከሁለት ጠበቆች ጋር ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ ትንሽ ቢሮ ሊከፍቱ እንደሆነ፣ ባለጉዳይ የሚቀበልና መዝገብ የሚይዝ ሰው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ደመወዙ አንድ ወር ይመጣል፣ አንድ ወር አይመጣም ነበር። ቢሆንም ሄድኩ።

በመጀመሪያ የሚመጣው ጉዳይ የመሬትና የቀለብ ነበር። ስልክ በየሰዉ እጅ ሲገባ ጉዳዩም ተለወጠ። የአንዱ መልእክት በሌላው እጅ ገብቶ፣ የአንዷ ፎቶ በማታውቀው ሰው ተበትኖ፣ አንዱ ስልኩን በግድ አስከፍተውት ባነበቡበት ነገር ታስሮ፣ እነዚህ ይመጡ ጀመር። ጠበቆቹ ሕጉን ያውቃሉ። ባለጉዳዩ ወደ እኛ መምጣቱ እንዳይታወቅበት ማድረግ ግን የእኔና የጋሼ እንድሪስ ሥራ ነበር።

የሳቸውን አሠራር ባልጽፈው ይቆጨኛል። በእርሳስ ብቻ ነበር የሚጽፉት፤ ጽፈው ሲጨርሱ ከሥር ያሉትን ሦስት ባዶ ወረቀቶች ገንጥለው ያቃጥሏቸዋል፣ የእርሳሱ ግፊት እዚያ ላይ ስለሚቀር። ባለጉዳይ ሲገባ ስለ ዝናብ ይጠይቁታል። ዘንቧል፣ አልዘነበም፣ ማሾው አበበ ወይ ይሉታል፤ ሻይ አመላላሿ መጥታ እስክትሄድ ድረስ ከዝናብ ሌላ ወሬ የለም። ስልኮች ሁሉ፣ የኛም ጭምር፣ ተሰብስበው ጓዳ ያለው የማሾ ጆንያ ውስጥ እህሉ መሃል ይቀበራሉ። በዓመቱ ማሾውን ነቀዝ በላውና ሌላ ጆንያ ገዛን።

ሚኒባስ ውስጥ ስለ ሥራ አንድ ቃል አይወጣቸውም። አንድ ጊዜ ለስልጠና ወደ ደጋ ስንወጣ ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ የተሳፋሪው ስልክ ሁሉ በአንዴ ዝም አለ። ጋሼ እንድሪስ በጆሮዬ፣ «አገሩ ሁሉ እንዲህ ቢሆን እኔና አንቺ ቢሮውን ዘግተን ማሾ እንዘራ ነበር» አሉኝ።

ከሁሉ በላይ ግን እንድጽፍ ሲሰጡኝ በየመስመሩ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነበራቸው። «ይሄ ለዳኛው ያስፈልገዋል?» ባለጉዳይዋ በየትኛው መንገድ እንደመጣች ጽፌ እንደሆነ፣ «ለዳኛው ያስፈልገዋል?» አያስፈልገውም። ላጲስ ያቀብሉኛል። ስንት ልጅ እንዳላት፣ «ያስፈልገዋል?» እንደገና ላጲስ። አንድ ገጽ ጽፌ አራት መስመር የሚቀርበት ቀን ነበር። መጀመሪያ እናደድ ነበር፤ ኋላ ግን ሳልጽፈው በፊት ራሴ መጠየቅ ለመድኩ። ለመድኩ ብዬ አምን ነበር።

ፋይሉ ላይ ምን ስም እንጻፍ የሚለው ነው ያስቸገረን። ቁጥር ስንሰጥ ባለጉዳዮቹ ቁጥራቸውን ይረሱታል፤ ረስተውም በር ላይ ቆመው ሙሉ ስማቸውን በድምፅ ይናገራሉ። አንድ ቀን ጋሼ እንድሪስ፣ «የናንተ ሰው ከእንግዳ የሚደብቀው ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የክርስትና ስሙን» አልኳቸው። እውነትም እንደዚያ ነው። ያገራችን ሰው መተት ይሠሩብኛል ብሎ ስለሚፈራ የክርስትና ስሙን ለማንም አይናገርም። ጎረቤት ሃያ ዓመት አብሮ ኖሮ የጎረቤቱን አያውቅም።

«ማን ያውቀዋል ታዲያ?»

«ወላጅ ያውቀዋል፤ የንስሐ አባትም። በቃ።»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲጠራ ሌላው አይሰማም?»

«ቢሰማስ የማን እንደሆነ በምን ያውቃል ጋሼ?»

«እሺ» አሉ፤ ከልባቸው እንዳልሆነ ግን አይቼባቸዋለሁ። «የኛዎቹ ሌላ ስም የላቸውም፤ የእናታቸውን አያት ይጥሩ።»

እንዲህ ሆነና ሠራ። ክርስቲያኑ በክርስትና ስሙ፣ ሙስሊሙ በቅድመ አያቱ። ባለጉዳዮቹም ወደዱት፤ ማንም አይረሳውም። እኔም ባሳቤ እመካ ነበር።

ከቢሮ ሥራው ሌላ በየሰፈሩ እየዞርን ሴቶችን እናስተምር ነበር። ስልክ ሲበላሽ ለጠጋኝ ከመስጠታችሁ በፊት ሜሞሪውን አውጡ፣ መክፈቻውን ጽፎ ጀርባው ላይ እንዲለጥፍ አትፍቀዱ፣ እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጡ። አንዲት ባልቴት አንድ ቀን፣ «እኔ እንኳ ስልኬ ውስጥ ያለው የላሜ ፎቶ ነው፤ ይውሰዳት፣ ወተቷ እንደሆነ ቀንሷል» አሉኝና ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ዘርፌን ያየኋት እዚያ ነው። እሷ አልሳቀችም። ሰዉ ሲበተን ወደኋላ ቀርታ፣ «እትዬ አስካለ፣ ከሰጠሁት በኋላ ነው ይህን የሰማሁት» አለችኝ።

ዘርፌ ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት። እዚያ እያለች ከጓደኞቿ ጋር ያነሣቻቸው፣ ቤት ውስጥ እንደሚለበሰው ለብሳ፣ ፀጉሯን ፈትታ፣ ለራሷ ያስቀመጠቻቸው ፎቶዎች ነበሯት። ስልኳን ሊጠግን የወሰደው ሰው ቀድቶ አስቀራቸው። ከዚያ አንዱን ላከላትና፣ «ካልመጣሽ ለባልሽ» አላት። ሌሎችም ሁለት ሴቶች እንዲሁ አድርጓቸው ነበር፤ እሷ ከመሰከረች እንመሰክራለን ብለው የእሷን ፊት ያያሉ።

«ለባልሽ ንገሪው፤ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አልኳት።

«እሱ በኔ አይፈርድም» አለች። «ደግ ሰው ነው። ግን ይህን ቢሰማ ሰውዬውን ይገድለዋል። እንዲያው የምናገር አይምሰልዎ፤ አውቀዋለሁ። አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይታሰራል፣ ልጄ ያለ አባት ያድጋል። ፍርድ ቤት ይፍረድበት፤ እሱ ግን አይስማ።»

ጠበቃችን ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይ አስፈቀደ። መጥሪያው ቤቷ እንዳይሄድ በቢሯችን በኩል ሆነ። የሄደችበት ሁሉ ሽንኩርት ለመሸጥ ነበር፣ እንደዚያ ነው ቤት የምትናገረው። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ነገር አልሾለከም። ቀጠሮው ፍልሰታ ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን ዋለ።

አሁን የማልወደውን ልጻፍ።

በፍልሰታ ሱባኤ የማኅበራችን ሴቶች የሚጸለይላቸውን ሰዎች የክርስትና ስም በወረቀት ጽፈን ለመሪጌታ እንሰጥ ነበር። መሪጌታ ስሙን እያዜሙ ያነባሉ፤ ወረቀቱን ከዚያ የት እንደሚያደርጉት አላውቅም፣ አይቼው አላውቅም። በዚያ ዓመት ማኅበሩ ቴሌግራም ከፍቶ ነበርና፣ «ስም በዚህ ላኩ» ተባለ። ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ስጋጃዬ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። የሟች ባለቤቴን፣ የልጄን፣ የእህቴን ስም ጻፍኩ። ከዚያ ዘርፌ ታሰበችኝ። የፊታችን ሐሙስ ብቻዋን ዳኛ ፊት ትቆማለች። የክርስትና ስሟን ጻፍኩት። ከአጠገቡም «ለፍርድ ቀጠሮዋ» አልኩ። ላክሁት። እንዲያ ሳደርግ ደስታ ነበር የተሰማኝ፤ ከሕግ ሥራው ሌላ አንድ ነገር የጨመርኩላት መሰለኝ።

መሪጌታ ደግሞ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ብለው የተላከውን ስም ሁሉ በዜማ አንብበው በድምፅ ለቀቁት። ድምፃቸው እንደ ማር ነው። ከስሞቹ ሁሉ ምክንያት የተጻፈለት የእሷ ብቻ ነበር፤ እሱንም አነበቡት። ሰዉም እየወደደው ለሌላው አስተላለፈው።

ይህንን ሁሉ ያወቅሁት ገበያ ላይ ወሬው ከደረሰኝ በሁለተኛው ቀን ነው። የማኅበራችን ሴቶች የዘርፌን አማት ልናጽናና ቀወት ገጠር ወረድን። እኔ ከሌሎቹ ጋር እንደ አንዷ ሆኜ ገባሁ፤ ዘርፌን እንደማውቃት የሚያውቅ የለም። አማቷ ከሲታ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሌሎቹ ሴቶች ወደ ደጅ ወጣ ሲሉ እኔ አጠገባቸው ቀረሁ።

«እኔው ነኝ ያበላሸሁት፣ የኔ እናት» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ጎረቤቴ የጸሎቱን ስም በስልክ ከፍታ አሰማችኝ። የምራቴን ስም ሰማሁ። ስሟ ብርቅ ነው፤ ሁለት ሰው አይጠራበትም። ተክሊል የደረሰላት ዕለት ነው ያወቅሁት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ማን ነው እንዲህ የወደደልኝ አልኩ። ምግብ ቀርቦ ሳለ ባሏ ፊት፣ ‹ልጄ፣ የምን የፍርድ ቀጠሮ ነው ያለሽ?› አልኳት።»

«እሷስ?»

«አመድ መሰለች። ባሏ ሊጎርስ ነበር፣ እጁ እንዳለ ቀረ። ማን በደለሽ አላት። ዝም። ንገሪኝ፣ ማን ነው አላት። ዝም። ዓይኑን አየችው። እሱን ስታይ ምን እንደታያት እንጃ። በነጋታው ውኃ ልቅዳ ብላ ልጇን አዝላ ወጣች።»

እጄን ያዙኝ። እጃቸው ሻካራ፣ ሞቃት ነበር።

«ያንን ስም የላከላትን ሰው ባገኘው እግሩን እስመው ነበር» አሉ። «እንዲህ የሚጸልይላት ሰው ያለችበትን አያጣም። የት እንዳለች ይነግረኝ ነበር።»

እግራቸው ሥር ወድቄ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ግን እኔ ነኝ ካልኩ፣ ከየት አወቅሻት ይሉኛል። ከቢሮው ካልኩ፣ ልጃቸው በማግስቱ ቢሮው በር ላይ ነው፤ የተከሰሰው ማን እንደሆነ ሳያውቅ አይመለስም። ዘርፌ ቤቷን ጥላ የወጣችው ያ እንዳይሆን ነው። እኔን እንዲቀለኝ ብዬ ያንን ላፈርስባት አልችልም። እጃቸውን እንደያዝኩ፣ «እግዚአብሔር ያገናኛችሁ» ብቻ አልኩ። «አሜን» አሉ። ሻይ አመጡልኝ፤ ጠጣሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ሻይ የመረረኝ ነገር የለም፣ ስኳሩ ግን ብዙ ነበር።

በነጋታው ቢሮ ሳይከፈት ጋሼ እንድሪስን ጠብቄ ነገርኳቸው። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ከስሟ ሌላ ምን ጻፍሽ?»

«ለፍርድ ቀጠሮዋ ብዬ።»

«ይሄ ለዳኛው ያስፈልገዋል ብለሽ አልጠየቅሽም?»

«ለዳኛ የምጽፍ አልመሰለኝም ጋሼ። ለእግዚአብሔር የምጽፍ መስሎኝ ነው።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ያን ቀን ልቤ እንቢ ብሎኝ ነበር። ሰው በዚያ ስም ነው ለፈጣሪው የሚቀርበው። እኛ ወስደን የፋይል ሽፋን አደረግነው። በያ፣ ተነሽ።»

ፋይሎቹን ከመደርደሪያው አወረዷቸው። አንድ ላጲስ ለእኔ ሰጡኝ፣ አንዱን ራሳቸው ያዙ። አራት ቀን ሙሉ፣ እሳቸው ለሶላት ሲነሡ ካልሆነ ሳናቋርጥ፣ ከየፋይሉ ላይ ስም ስንፍቅ ዋልን። ወለተ እገሊት፣ ገብረ እገሌ፣ የእነ እትዬ እገሊት ቅድመ አያት፣ ሁሉንም። በሦስተኛው ቀን እንባዬ ወረቀቱን ሲያረጥበው፣ «ተይ፤ እርጥብ ወረቀት አይፋቅም» አሉኝ። እኔ እየጾምኩ ስለነበር ደግሞ ከሱቅ ሙዝ አምጥተው ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን አጠገቤ አስቀመጡት። «የናንተ ጾም ጥሩ ነው፤ ከቅቤ ብቻ ነው የሚያጣላ» አሉ።

«የናንተስ? ቀን ተኝቶ ሲመሽ መብላት» አልኩ። ከወሬው ወዲህ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቀልድ ነበር፤ ለዚያ ብለው ነው የነካኩኝ።

ለባለጉዳዮቹ አዲስ መጠሪያ ራሳቸው እንዲመርጡ አደረግን፤ የእህል፣ የዛፍ፣ የደስ ያላቸውን። የማን የማን እንደሆነ የትም አልጻፍንም። ግማሹን እሳቸው፣ ግማሹን እኔ በቃላችን ያዝነው። ጡረታ ስወጣ የኔን ግማሽ በቦታዬ ለተተካችው ልጅ አንድ ሳምንት ሙሉ በቃል አስጠናኋት።

የዘርፌ መዝገብ ምስክር አልቀረበም ተብሎ ተዘጋ። ሁለቱ ሴቶች ተመልሰው አልመጡም። ሰውዬው በሱቁ ቀጠለ፤ በዚያ በር ሳልፍ ሁልጊዜ መንገድ እሻገር ነበር። ባሏ ብዙ ወር ፈለጋት። ማን እንደበደላት ግን አላወቀም፤ ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታሰረም። ልጅቷ ያሰበችው ያ አንድ ነገር ሆነላት፤ ዋጋውን ብቻዋን ከፈለች። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ፤ ፈጽሜዋለሁ። ፈጽሜዋለሁ እንጂ ቀሎኛል አልልም።

ለምን አሁን እንደምጽፈው ልናገር። ዘንድሮ ጋሼ እንድሪስ ደወሉልኝ። «አንድ ሰው ሊያናግርሽ ይፈልጋል። ቁጥርሽን ልስጥ ወይስ አልስጥ?» አሉ። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ስጡ አልኳቸው። በሳምንቱ አንድ የማላውቀው ቁጥር ጠራ።

«እትዬ አስካለ፣ ስሜን አልነግርዎትም።»

«አትንገሪኝ» አልኳት። ድምፅዋን አውቄዋለሁ። የልጄ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ስሟን ለጸሎት የላከው ማን እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ አላውቅምና ነገርኳት። የት እንደተቀመጥኩ፣ ምን ብዬ እንደጻፍኩ፣ ደስ ብሎኝ እንደነበር ሳይቀር ነገርኳት።

«ገምቼ ነበር» አለች። «ከእርስዎ ሌላ ለኔ የሚጸልይ አልነበረም።»

ልጇ ትምህርት ቤት ገብቷል። እሷ ሥራ አላት። ስለ ባሏ የነገረችኝን አልጽፍም፤ የእሷ ነው። የደወለችው ግን ለዚያ አልነበረም። ያ የመሪጌታ ድምፅ እሷ ያለችበት ከተማ ደርሷል። በየፍልሰታው ይመጣል፤ ስሞቹን የማያውቅ ሰው ሁሉ ዜማውን ወዶ ያስተላልፈዋል። ማኅበር ላይ ተቀምጣ ሳለች ይከፈታል። ‹ለፍርድ ቀጠሮዋ› ሲል ሴቶቹ እርስ በርስ፣ ‹ይቺ ምስኪን ማን ትሆን፣ ምን አድርጋ ይሆን› ይባባላሉ። እሷ መሃላቸው ናት።

«ጠበል ስገባ ካህኑ ስመ ክርስትናሽ ሲሉኝ የእናቴን እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። «ስንት ዓመት ሙሉ ለእናቴ ነው የሚጸለየው።» ሳቅ አለች። «እሷም ይገባታል። ግን እትዬ፣ በራሴ ስም መጠመቅ አማረኝ።»

መሪጌታን አፈላልጌ አግኝቻቸዋለሁ፤ አዝነው የራሳቸውን ቅጂ አጥፍተዋል። ከእሳቸው እጅ የወጣውን ግን እሳቸውም እኔም ልንደርስበት አንችልም።

ስለዚህ በዚያ ማኅበር የነበራችሁ፣ ከእናንተም ተቀብላችሁ ያስቀመጣችሁ፣ ለእናንተ ነው ልመናዬ። የትኛው ዓመት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ የቱ ስም የእሷ እንደሆነም ከፍታችሁ አትፈልጉ። ስልካችሁ ውስጥ ያለውን የጸሎት ስም ድምፅ ሁሉ፣ የየትኛውንም ዓመት፣ አጥፉት፤ የእሷ ከሌላው ተለይቶ እንዳይታወቅ። የባለቤቴ ስም እዚያ ውስጥ አለ፣ የልጄም አለ፤ የናንተም እናቶች አሉበት። አብረው ይጥፉ። የተጸለየው አንዴ ተሰምቷል። አጥፍተናል ብላችሁም እንዳትጽፉልኝ። ስታጠፉት ግን ስሟን ሳታውቁ፣ ምክንያቷን ሳትጠይቁ፣ አንድ ጊዜ ጸልዩላት።